ማስረጃቸውን የማይደብቁ ሰባት ኢ-ልቦለድ መጻሕፍት

ጥሩ ኢ-ልቦለድ መጽሐፍ ደራሲው ምን እንዳወቀ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳወቀም ያሳያል። ከማን ሰማ? የትኛውን ሰነድ አገላበጠ? ቁጥሩን ከየት አመጣ? አንባቢው ይህን መልሶ ማጣራት ካልቻለ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢጥም ከወሬ ብዙም አይሻልም። እዚህ የቀረቡት ሰባቱ በዚህ ሚዛን ተለክተው የተመረጡ ናቸው። እንከን የለሽ ግን አይደሉም፤ አንዱ ውስጥ ዛሬ በጥርጣሬ መነበብ ያለባቸው ምዕራፎች አሉ፣ ሌላው ደግሞ ከታተመ በኋላ የመጣ አዲስ ጥናት አለበት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከልቦለድ ወጥቶ ወደ እውነተኛ ታሪክ መሻገር ለሚፈልግ ሰው ከጆን ሄርሲ «ሂሮሺማ» የተሻለ መነሻ የለም። አጭር ነው፤ አብዛኛው ህትመት ከ200 ገጽ አያልፍም። ጽሑፉ መጀመሪያ የወጣው «ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ሲሆን መጽሔቱ የኦገስት 31፣ 1946 እትሙን ሙሉ ለሙሉ ለዚህ አንድ ሥራ ሰጥቶታል። ሄርሲ ከአቶሚክ ቦምቡ የተረፉ ስድስት ሰዎችን መርጦ፣ ኦገስት 6፣ 1945 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ እያንዳንዳቸው ምን እያደረጉ እንደነበር በመናገር ይጀምራል። ቶሺኮ ሳሳኪ የምትባለው የቢሮ ሠራተኛ አጠገቧ ያለችውን ባልደረባዋን ለማነጋገር ፊቷን እያዞረች ነበር፤ ከኋላዋ የነበሩት የመጽሐፍ መደርደሪያዎች ወድቀውባት እግሯን ሰበሯት። በቀይ መስቀል ሆስፒታል ከነበሩት ሐኪሞች ጉዳት ያልደረሰበት ወጣቱ ዶክተር ሳሳኪ ደግሞ መነጽሩ ስለጠፋበት ከቆሰለች ነርስ መነጽር ወስዶ፣ በማይስማማው መነጽር እያየ ቁስል ሲያስር ይውላል። ሄርሲ አይፈርድም፣ ቅጽል አያበዛም፣ አንባቢውን ለማስለቀስ አይሞክርም። እያንዳንዱ ሰው ፍንዳታው ከደረሰበት ቦታ ምን ያህል ርቀት ላይ እንደነበር እየለካ ይነግረናል። የግርጌ ማስታወሻ ባይኖረውም ስሙ፣ ሥራው፣ ቦታውና ሰዓቱ ሁሉ ስለተጻፈ ቃሉ ሊጣራ ይችላል።

መጽሐፉን ከመያዛችሁ በፊት ማውጫውን ገልጣችሁ ምዕራፎቹን ቁጠሩ። የ1946ቱ ጽሑፍ አራት ምዕራፍ ብቻ ነበረው። ሄርሲ ወደ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ ስድስቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ የኖሩትን ሕይወት የሚተርክ አምስተኛ ምዕራፍ በ1985 ጨምሯል፤ የቆዩ ህትመቶች ይህ የላቸውም። ያለ እሱ ማንበብ ትልቅ ጉድለት ነው። ከስድስቱ አንዱ የሆነው ቄስ ታኒሞቶ በ1955 በአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቦምቡን ከጣለው አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘበት ትረካ የሚገኘው በዚህ ምዕራፍ ነው።

ሳይንስ ይከብደኛል ለሚል አንባቢ የዴቫ ሶቤል «ሎንጊቲዩድ» (1995) ይሆናል። ጥያቄው ባሕር መሃል ያለ መርከብ ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንደሄደ በምን ያውቃል የሚል ነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር አንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ነው። የመነሻ ወደቡን ሰዓት ሳያዛባ የሚይዝ ሰዓት መርከቡ ላይ ካለ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ያለውን የሰዓት ልዩነት ቆጥሮ ቦታን ማወቅ ይቻላል። ሆኖም የዘመኑ ሰዓቶች በማዕበል መናወጥ፣ በሙቀትና በእርጥበት ይዛቡ ነበር። የ4 ደቂቃ ስህተት ደግሞ ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል፤ ይህም መርከብን ከቋጥኝ ጋር ለማላተም ይበቃል። የብሪታንያ ፓርላማ በ1714 ለመፍትሔው እስከ 20,000 ፓውንድ የሚደርስ ሽልማት አወጣ። አናጢው ጆን ሃሪሰን ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰዓቱ 34 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ አራተኛው ግን እጅ ላይ የሚያዝ ሲሆን ከ1761 ጀምሮ ወደ ጃማይካ በተደረገው የሙከራ ጉዞ በ81 ቀን ውስጥ ወደ ኋላ የቀረው 5 ሰከንድ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ ሶቤል የንጉሡን የሥነ ፈለክ ባለሙያ ኔቪል ማስኬላይንን እንደ ክፉ ሰው አድርጋ በመሳሏ የታሪክ ባለሙያዎች አይስማሙም። እሱ የደገፈው የጨረቃን ርቀት የመለካት ዘዴ በተግባር የሚሠራ ነበር፤ ሰዓቱ በጣም ውድ በመሆኑ መርከበኞች ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። ሁለተኛ፣ የግርጌ ማስታወሻ የለውም፤ መጨረሻው ላይ የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ብቻ ነው ያለው። ካገኛችሁ ዊሊያም አንድሩስ የተሳተፈበትን የ1998ቱን ባለ ሥዕል እትም ምረጡ። የሃሪሰንን ማሽን ሳያዩ ስለ ማርሹና ስለ ሞላው ማንበብ አድካሚ ነው።

ሥራ ላይ ቶሎ የሚውል መጽሐፍ ለሚፈልግ ሰው የአቱል ጋዋንዴ «ዘ ቼክሊስት ማኒፌስቶ» (2009) ይቀድማል። ጋዋንዴ ቀዶ ሐኪም ነው። ክርክሩ እውቀት ያላቸው ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ባለማወቅ ሳይሆን የሚያውቁትን በመዝለል ነው የሚል ነው። ማስረጃ ፍለጋ ወደ አቪዬሽን ይሄዳል። በኦክቶበር 1935 የቦይንግ ሞዴል 299 አውሮፕላን በሙከራ በረራ ላይ ወድቋል፤ ሞተሩ ደህና ነበር፣ ልምድ ያለው አብራሪ ግን ከመነሳቱ በፊት የመቆጣጠሪያውን መቆለፊያ ሳይፈታ ቀረ። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች አጭር የማረጋገጫ ዝርዝር አዘጋጅተው ያንኑ ዓይነት አውሮፕላን በሰላም አበረሩት።

የመጽሐፉ እምብርት ምዕራፍ 6 ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ይህንኑ ብቻ ቢያነብ ይጠቀማል። ጥሩ ዝርዝር ከ5 እስከ 9 ነጥብ ይይዛል፣ ሥራው ቆም በሚልበት ግልጽ ቦታ ላይ ይነበባል፣ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ከዚያ ከረዘመ ሰው መዝለል ይጀምራል። ሁሉንም ደረጃ አይጽፍም፤ ሲረሳ አደጋ የሚያመጣውን፣ ግን አንዳንዴ የሚረሳውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ዓይነቱም ሁለት ነው፦ አንዱ ሥራውን ከጨረሱ በኋላ ቆም ብለው የሚያረጋግጡበት፣ ሌላው እያነበቡ አንድ በአንድ የሚፈጽሙት። ድንገተኛ አደጋ ላይ ሁለተኛው ይሻላል፣ ለተለመደ ሥራ የመጀመሪያው። ጋዋንዴ የራሱ ቡድን የሠራው የመጀመሪያ ዝርዝር ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሲሞከር ረጅምና ግልጽነት የሌለው ሆኖ እንዴት እንዳልሠራ ሳይደብቅ ይጽፋል፤ ለእኔ የመጽሐፉ ተአማኒነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

በመጨረሻ የተዘጋጀው 19 ነጥብ ያለው ዝርዝር በስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር ከባድ ችግር የገጠማቸው ታካሚዎች ከ11 በመቶ ወደ 7፣ የሞቱት ደግሞ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 ወረዱ። እዚህ ላይ መጽሐፉ ሊይዘው የማይችለውን ነገር ጨምራችሁ ያዙ፦ በ2014 በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት 101 ሆስፒታሎች ላይ የተደረገ ጥናት ዝርዝሩ በትእዛዝ ከተጀመረ በኋላ ይህን የሚያህል ለውጥ አላገኘም። ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግና የቡድኑ አሠራር መለወጥ አንድ አይደሉም የሚለው ክርክር የተጠናከረው ከዚያ በኋላ ነው። ዝርዝር ለመሥራት የተነሳ ሰው ሁለቱንም ውጤት ማወቅ አለበት።

የሬቤካ ስክሉት «ዚ ኢሞርታል ላይፍ ኦፍ ሄንሪዬታ ላክስ» (2010) ሰውንና ሳይንስን አጣምሮ በመያዝ ረገድ አቻ አላየሁለትም። ሄንሪዬታ ላክስ በ1951 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለማሕፀን በር ካንሰር ስትታከም ሐኪሞች ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ ናሙና ወሰዱ። በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። ሴሎቿ ግን በየ24 ሰዓቱ እየተባዙ ላቦራቶሪ ውስጥ መኖር ቀጠሉ። ከዚያ በፊት የተሞከሩት የሰው ሴሎች ብዙም ሳይቆዩ ይሞቱ ስለነበር የፖሊዮ ክትባት ምርመራን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ ብዙ ምርምር በእነዚህ ላይ ተመሠረተ። ልጆቿ ነገሩን የሰሙት ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ትረካው በሁለት ዘመን መካከል ይመላለሳል፤ አንዱ የሄንሪዬታ ዘመን፣ ሌላው ደራሲዋ ከሄንሪዬታ ልጅ ከዴቦራ ጋር ማስረጃ ፍለጋ የተንከራተተችበት። ላለመደናገር በየምዕራፉ ራስ ላይ ያለውን የዓመታት መስመር ሳታዩ አትለፉ። መጨረሻ ላይ የሰዎቹ ስም ዝርዝር፣ የጊዜ ሰሌዳና በየምዕራፉ የተደራጀ የምንጮች ማብራሪያ አለ። እንዲህ ያለ ስሜት የሚነካ ታሪክ ውስጥ እያንዳንዱ ንግግር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለውም እነዚያ ገጾች ላይ ነው። ደራሲዋ ራሷ በታሪኩ ውስጥ ሰፊ ቦታ መያዟን የማይወዱ አንባቢዎች አሉ። የቤተሰቡን ጥርጣሬና ቁጣ ያለዚያ ማሳየት ግን የሚቻል አይመስለኝም። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ በ2013 የሴሎቹን ሙሉ የዘረመል መረጃ ማን ይጠቀምበት በሚለው ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከቤተሰቡ ጋር ተስማምቷል፣ በ2023 ደግሞ ቤተሰቡ ሴሎቹን ይሸጥ ከነበረ ኩባንያ ጋር የነበረውን ክስ በስምምነት ዘግቷል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ገጾች የታሪኩ ፍጻሜ አድርጋችሁ አትውሰዱ።

ከሰባቱ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገውም፣ ብዙ የሚያስተምረውም የዳንኤል ካህኔማን «ቲንኪንግ፣ ፋስት ኤንድ ስሎው» (2011) ነው። ካህኔማን የሥነ ልቦና ሊቅ የነበረ ሲሆን በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። መጽሐፉ አምስት ክፍልና 38 ምዕራፍ አለው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ እወጣዋለሁ የሚል ሰው መሃል ላይ ይዝላል። የተሻለው መንገድ ምዕራፍ 1 እና 2ን አንብቦ ፈጣንና ዘገምተኛ አስተሳሰብ ምን እንደሆኑ መረዳት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ክፍል ማለትም ከምዕራፍ 10 እስከ 18 መዝለል ነው። በቀን ከአንድ ምዕራፍ በላይ አትሂዱ። አብዛኞቹ ምዕራፎች አጭር ናቸው፣ ግን ሐሳቡ ረግቶ እንዲቀመጥ ጊዜ ይፈልጋል።

ምዕራፍ 10 ላይ ያለው የኩላሊት ካንሰር ምሳሌ ብቻውን መጽሐፉን ያስነብባል። በአሜሪካ 3,141 ካውንቲዎች (ወረዳዎች) ውስጥ በሽታው በጣም ዝቅተኛ የሆነባቸው በአመዛኙ ሕዝባቸው የሳሳ የገጠር አካባቢዎች ናቸው። አእምሯችን ወዲያው ምክንያት ያበጃል፦ ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ምግብ። ቀጥሎ ካህኔማን በሽታው በጣም ከፍተኛ የሆነባቸውም እነዚሁ ዓይነት አካባቢዎች መሆናቸውን ይነግረናል። ገጠር መኖር በአንድ ጊዜ ከበሽታው ሊጠብቅም ሊያጋልጥም አይችልም። እውነተኛው ምክንያት የሕዝቡ ቁጥር ማነስ ነው፤ ጥቂት ሰው ባለበት ቦታ አንድ ታማሚ መጨመሩ ወይም መቀነሱ መቶኛውን ወዲያና ወዲህ ይጥለዋል።

ይህን የተረዳ አንባቢ ምዕራፍ 3 እና 4ን በራሱ መመዘን ይችላል፤ ለዚህም ነው ከሁለተኛው ክፍል በኋላ ተመልሶ ማንበብ የሚሻለው። ምዕራፍ 4 ውስጥ ከእርጅና ጋር የሚያያዙ ቃላት ያነበቡ ወጣቶች ቀስ ብለው መራመድ ጀመሩ የሚለው ዓይነት ጥናት አለ። በ2012 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ በጥንቃቄ ሲደግሙት ውጤቱን አላገኙትም። ምዕራፍ 3 ውስጥ የፈቃድ ኃይል እየተጠቀሙበት ሲሄዱ ያልቃል የሚለው ሐሳብም በ2016 በ23 ላቦራቶሪዎች ሲሞከር ከዜሮ ብዙም ያልራቀ ውጤት ነው የተገኘው። ካህኔማን በ2017 በጥቂት ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ከሚገባው በላይ መተማመኑን በይፋ አምኗል። በምዕራፍ 10 ራሱ ያስጠነቀቀው ስህተት ይኸው ነው። መጽሐፉን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ መሳሪያውን ያቀበለን እሱ ራሱ ነውና። ከቀሩት ውስጥ ምዕራፍ 17 እና 23 አያምልጧችሁ። 23ኛው ውስጥ እሱ የነበረበት የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ቡድን ሥራውን በሁለት ዓመት አካባቢ እንጨርሳለን ብሎ ይገምታል፤ ከቡድኑ አንዱ ተመሳሳይ ቡድኖች ከ7 እስከ 10 ዓመት እንደፈጀባቸውና 40 በመቶ ያህሉ ጭራሽ እንዳልጨረሱ ቢያስታውስም ማንም አልሰማም። ስምንት ዓመት ፈጀ። ፕሮጀክት የሚያቅድ ሰው ሁሉ ይህን ምዕራፍ ማንበብ ይገባዋል።

በቁጥር ላይ የሚያተኩሩትን ሁለቱን ተከታትላችሁ ብታነቡ ይመረጣል። የዳረል ሀፍ «ሃው ቱ ላይ ዊዝ ስታቲስቲክስ» (1954) አሥር ምዕራፍ ያለው፣ በሥዕል የታጀበና በሁለት ቁጭታ የሚያልቅ መጽሐፍ ነው። ምሳሌዎቹ የ1950ዎቹ ቢሆኑም ማታለያዎቹ አልተለወጡም። ለምሳሌ አንድ ቁጥር ከ100 ወደ 104 ቢያድግ እድገቱ 4 በመቶ ነው፤ ግራፉ ግን ከዜሮ ሳይሆን ከ99 ቢጀምር ሁለተኛው ምሰሶ ከመጀመሪያው አምስት እጥፍ ረዝሞ ይታያል። መጨረሻው ምዕራፍ ማንኛውም አኃዝ ላይ የሚነሱ አምስት ጥያቄዎችን ይሰጣል፦ ማን ተናገረው፣ እንዴት አወቀ፣ ምን ጎድሏል፣ መሃል ላይ ርዕሱ ተቀይሯል ወይ፣ ነገሩስ ያስኬዳል ወይ። እነዚህን ጥያቄዎች በሀፍ በራሱ ላይም አንሱ። በ1965 በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሲጋራ ማጨስን ከበሽታ ጋር የሚያያይዘውን ማስረጃ ለማጣጣል መስክሯል። መጽሐፉ ሁሉንም አኃዝ ለመካድ ሰበብ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው የሃንስ ሮዝሊንግ «ፋክትፉልነስ» (2018) ከኋላው የሚመጣው። ሀፍ መጠርጠርን ሲያስተምር ሮዝሊንግ ጥሩ አኃዝን ማመንን ያስተምራል። መግቢያው ላይ ስለ ዓለም 13 ጥያቄዎች አሉ፤ መልሱን ሳታዩ በወረቀት መልሱ። ያን ካላደረጋችሁ «ይህንንማ አውቀው ነበር» የሚል ስሜት መጽሐፉን ያበላሸዋል። ከዚያ አሥር የተሳሳቱ ዝንባሌዎች ተራ በተራ ይነሳሉ። ከሁሉም የሚጠቅመው ዓለምን ሀብታምና ደሃ ብሎ ለሁለት ከመክፈል ይልቅ በአራት የገቢ ደረጃ ማየት ነው። መረጃው እስከ 2017 አካባቢ ያለ ስለሆነ አሁን ያለውን አኃዝ ሮዝሊንግና ቤተሰቡ ከመሠረቱት ከጋፕማይንደር ድረ ገጽ አመሳክሩ። ድክመቱ የተሻሻለው ላይ ማተኮሩ ነው፤ የአካባቢ ጉዳትና የአየር ንብረት ጉዳይ የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም።

ሰባቱን ጨርሶ ለትልልቆቹ ሆድ ላለው ሰው የሲዳርታ ሙከርጂ «ዚ ኤምፐረር ኦፍ ኦል ማላዲስ» (2010) የካንሰርን ታሪክ፣ የኢዛቤል ዊልከርሰን «ዘ ዎርምዝ ኦፍ አዘር ሰንስ» (2010) ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያንን ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ መሰደድ ይተርካሉ። ዊልከርሰን ከ1,200 በላይ ሰዎችን አነጋግራ ሦስቱን ብቻ በቅርብ መከተሏ ለመጻፍ ለሚያስብ ሁሉ ትምህርት ነው።

ከዚህ ዝርዝር ውጭ ያለ መጽሐፍ እጃችሁ ላይ ሲወድቅ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲህ ፈትሹት። ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን ሙገሳ ዝለሉት፤ ሽያጭ ነው። የህትመት መረጃው ገጽ ላይ መጀመሪያ የወጣበትን ዓመትና የያዛችሁት ስንተኛው እትም እንደሆነ እዩ። ሕክምና፣ ሥነ ልቦና ወይም ቴክኖሎጂ ከሆነ አሥር ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፤ ታሪክ ከሆነ ያን ያህል አያሳስብም። ቀጥሎ መሃል ላይ አንድ የሚያስገርም አኃዝ ፈልጉና ምንጩን ተከተሉ። ማስታወሻው ወደ ጥናት ወይም ወደ ሰነድ ከወሰዳችሁ ጥሩ ነው። ወደ ሌላ ተወዳጅ መጽሐፍ ከወሰዳችሁ ጥርጣሬ ይግባችሁ፤ ምንጭ ጭራሽ ከሌለና መጽሐፉ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» እያለ የሚሄድ ከሆነ መልሱት። በመጨረሻም የማጠቃለያውን ምዕራፍ ጥቂት ገጾች አንብቡ፤ ኢ-ልቦለድ ውስጥ መጨረሻውን አስቀድሞ ማወቅ አይጎዳም፣ ክርክሩ ወዴት እንደሚያመራ ስለሚያሳይ ንባቡን ያቀልላል።

በበይነ መረብ ስትገዙ ተመሳሳይ ርዕስና ሽፋን ያላቸው የማጠቃለያ ቡክሌቶች ከዋናው ጎን ይደረደራሉና የደራሲውን ስምና የገጹን ብዛት እዩ፤ 500 ገጽ ገደማ መሆን ያለበት የካህኔማን መጽሐፍ 60 ገጽ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። በድምፅ ለመስማት «ሂሮሺማ» እና የስክሉት መጽሐፍ ይመቻሉ። ሀፍና ሮዝሊንግ ግራፍ ስለሚበዛባቸው በድምፅ አይያዙም፤ ካህኔማንም ቆም ብሎ መልስ መሞከርን ስለሚጠይቅ በወረቀት ወይም በስክሪን ይሻላል። የስክሉት ኤሌክትሮኒክ እትም ግን ወደ ምንጮች ማብራሪያው ሄዶ መመለስን ከወረቀቱ ይልቅ ያቀልለዋል።